ሳህኑን ለየን፣ ምላጩን ግን ተጋራን

(በሬዲዮ ዝግጅታችን ለቤተሰብ የቀረበ ንግግር፤ ላልሰሙት ይደርስ ዘንድ በጽሑፍ የቀረበ)

 



በዛሬው ዝግጅታችን ስለ አንድ ተላላፊ ቫይረስ እንነጋገራለን። ሐኪሞች ሄፓታይተስ ቢ ይሉታል። በኛ ዘንድ «የጉበት ቫይረስ» በሚለው ስም ይታወቃል፤ ዓይን ቢጫ ሲሆን ደግሞ «የወፍ በሽታ» እንለዋለን። ይህን ርዕስ የመረጥነው በሽታው አዲስ ስለሆነ አይደለም። በሽታው ከሌለበት ቦታ እየሸሸን፣ ካለበት ቦታ ግን ሳንጠነቀቅ የምንኖር ብዙ በመሆናችን ነው። ይህ አለማወቅ ደግሞ በሁለት መንገድ ይጎዳል፤ ጤነኛውን ያስይዛል፣ የተያዘውንም ያለ በደሉ ያገልላል።

አንድ ቤት በምሳሌ

እስቲ ወደ አንድ ቤት እንግባ። ምሳሌ ነውና ስም አንጠራም፤ ነገር ግን ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ዓይነት ቤት ነው።

ልጅቱ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ዓረብ አገር ሄዳ ሠርታ ወላጆቿን ለመርዳት፣ ታናናሾቿንም ለማስተማር አስባለች። ፓስፖርቷ ወጥቷል፤ ለጉዞዋም ብድር ተገብቷል። የቀረው የጤና ምርመራ ብቻ ነው። ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሥራ የሚሄድ ሰው ከሚመረመራቸው ነገሮች አንዱ ይኸው የጉበት ቫይረስ ነውና ደሟን ሰጠች። ውጤቱ ሲመጣ «አላለፍሽም፤ በደምሽ ውስጥ የጉበት ቫይረስ አለ» ተባለች። ከዚያ በላይ የነገራት የለም። ነገሩ ምን ማለት እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ ከእንግዲህ ምን ማድረግ እንደሚገባት ያስረዳት ሰው አልነበረም። ወረቀቷን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

እናት አለቀሱ። በማልቀሳቸው አይፈረድባቸውም። በማግስቱ ግን ለልጅቱ የራሷ ሳህን፣ የራሷ ብርጭቆ፣ የራሷ ሲኒ ተለየላት። ቤተሰቡ በአንድ ትሪ ዙሪያ ሲቀመጥ እሷ ጥግ ይዛ ለብቻዋ ትበላለች። ታናሽ እህቷ አብራት እንዳትተኛ ተደረገ። አክስቷም ሕፃኗን ከልጅቱ እቅፍ ወሰደች። ወሬው ከጎረቤት ደረሰ፤ ለትዳር ሲጠይቋት የነበሩ ሽማግሌዎችም እግራቸውን አሳጠሩ።

አሁን ደግሞ ወደዚያው ቤት መታጠቢያ ክፍል እንሂድ። ግድግዳው ላይ አንዲት መስታወት ተሰቅላለች፤ ከሥሯም አንድ መላጫ አለ። አባት ይላጩበታል፤ ወንድ ልጃቸውም ይላጭበታል፤ ሌላውም የቤቱ ሰው ለገላ ንጽሕናው ይጠቀምበታል። መስኮቱ ላይ አንድ ጥፍር መቁረጫ ተቀምጧል፤ ለስምንት ሰው። የጥርስ ብሩሾቹ በአንድ ኩባያ ውስጥ ተደጋግፈው ቆመዋል፤ ቀለማቸው ስለሚመሳሰል አንዱ የሌላውን ቢያነሳ የሚያውቅ የለም። እነዚህን ለመለየት ያሰበ ሰው አልነበረም።

ውድ አድማጮች! ሳህኑ ይህን ቫይረስ አያስተላልፍም። ምላጩ ግን ያስተላልፋል። ያ ቤተሰብ ሊፈራ የማይገባውን ፈርቶ፣ ሊጠነቀቀው የሚገባውን ትቷል። የዛሬው ንግግራችን ጠቅላላ ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

ስሙ አንድ፣ ዓይነቱ ግን አምስት

ይህ ስሕተት ከየት መጣ? አንዱ ምክንያት ስም ነው። «የወፍ በሽታ» የሚለው ስም ራሱ የሌሊት ወፍ በሰው ላይ ስትበር የምታመጣው ሕመም የሚያስመስል ነው። የዓይን ቢጫ መሆን ጉበት መጎዳቱን የሚናገር ምልክት እንጂ ራሱን የቻለ አንድ በሽታ አይደለም። ጉበትን የሚያሳምሙ ነገሮች ብዙ ናቸው፤ ወፍ ግን ከመካከላቸው የለችበትም።

ሁለተኛው ምክንያት የጉበት ቫይረስ አንድ ብቻ አለመሆኑ ነው። ሐኪሞች ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ እና ኢ ብለው በአምስት ይከፍሏቸዋል። ከእነዚህ ውስጥ ኤ እና ኢ የሚባሉት በሰው ዓይነ ምድር በተበከለ ውሃና ምግብ ይተላለፋሉ። ለእነርሱ እጅን በሳሙና መታጠብ፣ ውሃን አፍልቶ መጠጣት፣ መጸዳጃን መጠበቅ ዋነኛው መከላከያ ነው። ቢ እና ሲ ግን መንገዳቸው ሌላ ነው፤ የሚሄዱት በደም ነው፤ ቢ ደግሞ በሌሎች የሰውነት ፈሳሾችም ይተላለፋል። ዲ የሚባለው ቢ ከሌለበት ሰው ጋር አይኖርም። ሰው «የጉበት ቫይረስ» የሚል ስም ሲሰማ የአምስቱን ጠባይ ቀላቅሎ አንድ ያደርገዋል፤ ከዚያም የኤውን ፍርሃት በቢው በሽተኛ ላይ ይጭናል። ሳህን የሚለየውም ለዚህ ነው።

ሄፓታይተስ ቢ የሚባለውን ቫይረስ ወደ መለየት ያደረሰው ግኝት እ.ኤ.አ. በ1965 የአሜሪካዊው ሐኪም ባሩክ ብሉምበርግ ሥራ ነው። በ1976 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። ዓለም በየዓመቱ ጁላይ 28 ቀን የሄፓታይተስ ቀን ብሎ የሚያስበውም የተወለደበትን ዕለት ይዞ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግምት እ.ኤ.አ. በ2022 ይህ ቫይረስ በደማቸው ውስጥ የሚኖር 254 ሚሊዮን ሰዎች ነበሩ፤ በዚያው ዓመት ወደ 1.1 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕይወት ጠፍቶበታል። የገደላቸውም በአብዛኛው ቀስ በቀስ በመጣ የጉበት መጠንከርና የጉበት ካንሰር ነው። በአገራችን በተለያየ ጊዜ የተደረጉ ጥናቶች ሲታዩ ከ100 ሰው ከ5 እስከ 8 በሚሆነው ደም ውስጥ ይገኛል። እንግዲህ አንድ ሰፊ ሠርግ ላይ 300 ሰው ቢሰበሰብ፣ ከመካከላቸው 15 ወይም 20 የሚሆኑት ቫይረሱ ሊኖርባቸው ይችላል። አብዛኞቹም አያውቁትም፤ ለዓመታት አያምምምና።

የት ነው የምንይዘው?

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። አስቀድመን አንድ ነገር እንወቅ፤ ይህ ቫይረስ ከሰው ሰውነት ውጭ ቢያንስ ለሰባት ቀን ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። ለዓይን የማይታይ፣ የደረቀ የደም ቅንጣት ይበቃዋል። ባለፈው ጁምዓ አንዱ የተላጨበት ምላጭ ለዚህኛው ጁምዓ ሌላውን ሊያስይዝ ይችላል ማለት ነው። ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላም እስኪታወቅ ከ30 እስከ 180 ቀን ይወስዳል። ስለዚህ «ከየት ያዘኝ?» ብሎ የሚያስብ ሰው ያለፈውን ሳምንት ቢመረምር አያገኘውም።

የመጀመሪያው ቦታ የወሊድ አልጋ ነው። ቫይረሱ ያለባት እናት በምትወልድበት ሰዓት ወደ ልጇ ሊተላለፍ ይችላል። እዚህ ላይ ልብ እንበል፤ ጨቅላ ወይም ሕፃን ሳለ የተያዘ ሰው ከ100 ወደ 95 የሚሆነው ቫይረሱ ከደሙ ሳይወጣ አብሮት ያድጋል። ትልቅ ሰው ሆኖ የተያዘ ግን ከ100 ከ5 ያነሰው ብቻ ነው ቫይረሱ የሚቀርበት፤ የሌላውን ሰውነቱ ታግሎ ያስወጣዋል። ዛሬ በሃያና በሠላሳ ዓመቱ ተመርምሮ «አለብህ» የሚባል ሰው አብዛኛውን ጊዜ በልጅነቱ የተያዘ ነው የምንለው ለዚህ ነው። እንግዲህ አንዲት ወጣት ቫይረሱ ተገኘባት ሲባል ስለ ጠባይዋ ክፉ መጠርጠር ከእውቀትም ከሃይማኖትም የራቀ ነው። ምናልባት ገና ዓይኗን ስትገልጥ አብሯት የነበረ ነገር ነውና።

ሁለተኛው ቦታ ልጆች የሚጫወቱበት ደጅ ነው። ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከልጆች ይያያዛሉ። ቁስል አላቸው፤ ይቧጨራሉ፤ ይናከሳሉ። የአንዱ ቁስል ከሌላው ቁስል ሲነካካ ይተላለፋል። መፍትሔው ልጆችን ማለያየት አይደለም፤ ማስከተብና ቁስላቸውን አጥቦ መሸፈን ነው።

ሦስተኛው ቦታ ምላጭ ያለበት ሁሉ ነው። እኛ ሙስሊሞች ከሌላው ይልቅ እዚህ ላይ ማተኮር አለብን። ጥፍር መቁረጥ፣ ቀድሞ ቀመስን ማሳጠር፣ የሰውነትን ፀጉር ማስወገድ ከፊጥራ ሱናዎች ናቸው፤ በየጊዜውም እንፈጽማቸዋለን። ሱናው ንጽሕና ነው። ንጽሕናው ሙሉ የሚሆነው ግን እያንዳንዱ ሰው የራሱ ምላጭ፣ የራሱ ጥፍር መቁረጫ ሲኖረው ነው። ባልና ሚስት ቢሆኑም፣ እናትና ልጅ ቢሆኑም በምላጭ መጋራት የለም። መፋቂያና የጥርስ ብሩሽም እንዲሁ ነው። ድድ ይደማል፤ የደማው ደም በእንጨቱ ጭራ ውስጥ ይቀራል። መፋቂያህን ለወንድምህ መስጠት ብትፈልግ አዲስ ቁረጥለት፤ ያንተን ግን አታውሰው።

ከቤት ወጥተን ፀጉር አስተካካይ ዘንድ እንሂድ። ቶንዶሱ ከአንዱ ራስ ወደ ሌላው ይዘዋወራል፤ አንገትና ጆሮ አካባቢ ሲደርስ ቆዳ ይቧጭራል። አስተካካዩ በጥጥ አልኮል ነክሮ አንድ ጊዜ ቢያሻሽበት በዚያ መተማመን አይቻልም። ምላጭ ከሆነ አዲሱን ከነወረቀቱ ፊታችሁ እንዲቀድደው ጠይቁ። ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ጥሩ ባለሙያም አይከፋበትም። የሚቻለው ሰው ቶንዶሱን ገዝቶ ለራሱ ይያዝ። አዲስ የተወለደ ልጅ በሰባተኛው ቀን ፀጉሩ ሲላጭም የሕፃን ራስ ስስ ነውና ምላጩ አዲስ ይሁን። ሐጅ የምትሄዱ ወንድሞችም በሚና ሰው ተጨናንቆ ሲላጭ አንዱ ምላጭ ከራስ ራስ እንዳይዞር ተጠንቀቁ። የሳዑዲ ዓረቢያ የጤና ባለሥልጣናት ፈቃድ ወዳላቸው ፀጉር አስተካካዮች ሂዱ፣ ምላጭም አትጋሩ እያሉ ሑጃጆችን ይመክራሉ። ከሻንጣችሁ ውስጥ ሁለት አዲስ ምላጭ ያዙ፤ ክብደት የለውም።

አራተኛው ቦታ ሰውነት የሚቆረጥበትና የሚበሳበት ሁሉ ነው። ወንድ ልጅን መግረዝ ሱና ነው፤ ነገር ግን አንድ ገራዥ በአንድ ምላጭ የሰፈሩን ልጆች በተርታ የሚገርዝበት ልማድ ሱና አይደለም። ልጃችሁን በጤና ተቋም አስገርዙ፤ ካልተቻለም ለእያንዳንዱ ልጅ አዲስ ምላጭ ይሁን። ሴት ልጅን መግረዝ ከሚያስከትለው ሌላ ብዙ ጉዳት በተጨማሪ ለዚህ ቫይረስም በር ይከፍታል፤ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም ያስቀጣበታል። እንጥል ማስቆረጥ፣ ሰውነት ማስበጣት፣ በአንድ መርፌ የብዙ ልጆችን ጆሮ መብሳት፣ ንቅሳት፣ ሁሉም የአንዱን ደም ወደ ሌላው ያደርሳሉ። ሒጃማ ወይም ዋግምት የምትታገሙም ምላጩ አዲስ መሆኑን ብቻ አይታችሁ አትርኩ። ደም የመጠጠው ቀንድ ወይም ብርጭቆም ከሌላ ሰው የዞረ ከሆነ ያው ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የታገሙበት ሕክምና በእኛ ግድየለሽነት በሽታ ማስተላለፊያ እንዳይሆን እንጠንቀቅ።

አምስተኛው ቦታ መርፌ ነው። በጤና ተቋም አንድ መርፌ ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሥራው ሳይሆን ሰፈር ውስጥ መርፌ የሚወጋ ሰው ዘንድ አትሂዱ። በደም ባንክ በኩል የሚሰጥ ደም ለዚህ ቫይረስ ይመረመራል፤ ስለዚህ ደም መለገስም ሆነ በሐኪም ትእዛዝ ደም መውሰድ የሚያስፈራ አይሁን።

ስድስተኛው የትዳር መኝታ ነው። ከባል ወደ ሚስት፣ ከሚስት ወደ ባል በግንኙነት ይተላለፋል። ነገር ግን መከላከያ አለው፤ ወደዚያ እንመጣለን።

ሰባተኛው በሽተኛ የምናስታምምበትና ሬሳ የምናጥብበት ቦታ ነው። ቁስል ስታጥቡ፣ ጀናዛ ስታጥቡም እጃችሁ ላይ ቁስል ካለ ሸፍኑት፤ ጓንትም አድርጉ። ደም መሬት ላይ ከፈሰሰ አንድ እጅ በረኪና በአሥር እጅ ውሃ በጥብጣችሁ አፍሱበትና ቆየት አድርጋችሁ ጥረጉት። እንዲህ የምናደርገው ለታወቀ በሽተኛ ብቻ አይደለም፤ ማን ቫይረሱ እንዳለበት ስለማናውቅ ለማንኛውም ሰው ደም ነው።

የት ነው የማንይዘው?

አሁን ደግሞ ሌላውን ወገን በግልጽ እንናገር፤ ቤት ያፈረሰው ይህ ነውና።

አንድ ትሪ ዙሪያ ተቀምጦ አብሮ በመብላት ይህ ቫይረስ አይተላለፍም። በአንድ ብርጭቆ በመጠጣት፣ በአንድ ሲኒ ቡና በመጠጣት አይተላለፍም። በመጨባበጥ፣ በመተቃቀፍ፣ ጉንጭ ለጉንጭ ተሳስሞ ሰላም በመባባል አይተላለፍም። መስጊድ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተነካክቶ በመስገድ፣ በአንድ ምንጣፍ ላይ ሱጁድ በማድረግ፣ በአንድ ጀበና ውዱእ በማድረግ አይተላለፍም። በሳልና በማስነጠስ አይተላለፍም። ትንኝም አታስተላልፈውም። አብሮ በመማር፣ አብሮ በመሥራት፣ በአንድ አልጋ እህት ከእህቷ ጋር በመተኛት አይተላለፍም። ቫይረሱ ያለባት እናት የጋገረችውን እንጀራ መብላት አያስይዝም። ጡት ማጥባትም አይከለከልም፤ ልጁ ክትባቱን ይውሰድ እንጂ እናት ልጇን ታጥባ።

ስለዚህ የልጇን ሳህን የለየች እናት ማንንም ከበሽታ አላዳነችም። ያደረገችው ነገር ቢኖር ልጇን በገዛ ቤቷ እንግዳ ማድረግ ነው። እንዲህ የተገለለ ሰው ደግሞ ሕመሙን ይደብቃል፤ ሐኪም ዘንድ አይሄድም፤ ሌሎችም የርሱን አይተው መመርመርን ይሸሻሉ። ማግለል በሽታውን አያስቆመውም፤ ይደብቀዋል እንጂ።

«አላህ የጻፈው አይቀርም» ለሚሉ

አንዳንድ ወንድሞችና እህቶች ይህን ሁሉ ሰምተው «አላህ የጻፈው አይቀርም፤ ምርመራውም ክትባቱም ምን ያደርጋል?» ይላሉ። ቀደር እውነት ነው። ግን ከእኛ ይልቅ በቀደር ያምኑ የነበሩት ምን አደረጉ?

በ18ኛው ዓመተ ሒጅራ ገደማ ኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ ከተባለው ቦታ ደረሱ። በሻም የዐምዋስ ወረርሽኝ መግባቱ ተነገራቸው። ባልደረቦቻቸውን አማከሩና ሕዝቡን ይዘው ለመመለስ ወሰኑ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) ይህ ከአላህ ውሳኔ መሸሽ እንዳይሆን ሲጠይቋቸው፣ መመለሱም ራሱ በአላህ ውሳኔ ውስጥ መሆኑን አስረዷቸው። በኋላም ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ.) መጥተው፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወረርሽኝ ወዳለበት አገር መግባትን፣ ካለበትም ሸሽቶ መውጣትን መከልከላቸውን አወሱ፤ ዑመርም አላህን አመሰገኑ።

ከዚህ የምንማረው መጠንቀቅ ከተወኩል ጋር እንደማይጣላ ነው። አንድ ተጨማሪ ነገርም አለ። ጥንቃቄ በትክክለኛው ቦታ ሲሆን ነው ጥንቃቄ የሚባለው። ለዚያ ወረርሽኝ የማይገባበት ቦታ አገሩ ነበር። ለዚህ ቫይረስ ግን መጋራት የሌለብን ምላጩን እንጂ ማዕዱን አይደለም። ሐዲሱን ይዞ የሄፓታይተስ በሽተኛን የሚሸሽ ሰው በሽታውንም ሐዲሱንም ያለ ቦታቸው አውሏቸዋል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ዛሬውኑ ንግግራችንን ሰምታችሁ ስትጨርሱ ወደ መታጠቢያ ክፍላችሁ ሂዱ። ምላጩን፣ ጥፍር መቁረጫውን፣ የጥርስ ብሩሹን፣ መፋቂያውን ለየሰው ለዩ። ምልክት አድርጉበት። ለሳህን ያወጣችሁትን ጥንቃቄ እዚህ ላይ አውጡት።

ሁለተኛ፣ ተመርመሩ። ምርመራው ከጥቂት ደም የሚሠራ ነው። በተለይ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ከተገኘበት እናት፣ አባት፣ ወንድም፣ እህት፣ ባል ወይም ሚስት ሁሉም መመርመር ይገባቸዋል።

ሦስተኛ፣ ከቫይረሱ ነጻ የሆነና ያልተከተበ ሰው ይከተብ። ክትባቱ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በሥራ ላይ ያለ ነው። ለትልቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በስድስት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ይሰጣል፤ በወጣትነቱ ጨርሶ ከወሰደው ከ100 ሰው 95ቱን ይጠብቃል። በአገራችን ለሕፃናት በአምስቱ ጥምር ክትባት ውስጥ ገብቶ መሰጠት የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለድን በልጅነታችን አልወሰድነውም ማለት ነው። ልጆቻችሁ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት የሚሰጠውን ክትባት እንዳያጓድሉ። ባል ወይም ሚስት ቫይረሱ ቢኖርባቸውም ሌላው ተከትቦ ክትባቱን ከጨረሰና መከላከያው መያዙ ከተረጋገጠ ትዳራቸውን ያለ ስጋት ይቀጥላሉ። እስኪያልቅ ድረስ በኮንዶም ይጠንቀቁ። የደም ንክኪ በድንገት የደረሰበት፣ በሰው መርፌ የተወጋ ሰው ደግሞ ሳይውል ሳያድር፣ ቢቻል በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ።

አራተኛ፣ ነፍሰ ጡር እህቶች በክትትላችሁ ጊዜ ይህ ምርመራ እንዲደረግላችሁ ጠይቁ። ቫይረሱ ከተገኘ ወደ ልጁ እንዳያልፍ በእርግዝና ወራት ሐኪም የሚሰጠው መድኃኒት አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለጨቅላው በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያው ክትባት እንዲሰጠው ይመክራል፤ ስለዚህ የምትወልዱበትን ተቋም አስቀድማችሁ ጠይቁ። ቤት መውለድ ይህን ዕድል ያሳጣል።

አምስተኛ፣ ቫይረሱ የተገኘበት ሰው ተስፋ አይቁረጥ። ቫይረሱ አለ ማለት ሁልጊዜ ጉበት ታሟል ማለት አይደለም። ለመዳን ጊዜ የሚገኘውም ቀድሞ በማወቅ ነው። በልጅነታቸው ተይዘው ትልቅ ከሆኑት ውስጥ ከ100 ከ20 እስከ 30 የሚሆኑት ወደ ጉበት መጠንከር ወይም ካንሰር ሊደርሱ ይችላሉና ክትትል አይቋረጥ። ሐኪሙ መድኃኒት ያስፈልጋል ካለ በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጥ፣ ቫይረሱን አዳክሞ የሚይዝ እንክብል አለ። አንዳንዱ ምንም ሳይወስድ በምርመራ ብቻ ይከታተላል። «የወፍ መድኃኒት» እየተባለ የሚጠጣው ሥራ ሥር ግን መጠኑ አይታወቅም፤ የታመመ ጉበትን ጨርሶ ሊያጠፋው ይችላልና ተጠንቀቁ።

ስድስተኛ፣ ምስጢር አማና ነው። የሰውን የምርመራ ውጤት በሰፈር ማዞር ጊባ ነው። ለኒካሕ የሚፈላለጉ ሁለት ሰዎች ግን ከኒካሑ በፊት ተመርምረው እርስ በርሳቸው ቢነጋገሩ መልካም ነው። ክትባት ስላለ ይህ ትዳርን የሚያፈርስ ጉዳይ አይሆንም፤ መደበቁ ግን በኋላ ያፈርሳል።

ወደዚያ ቤት እንመለስ

ምሳሌያችንን እንጨርስ። ያች ልጅ አንዲት የምታውቃት ነርስ መክራት ወደ ሐኪም ሄደች። ሐኪሙ ጉበቷ ደኅና መሆኑን፣ ለጊዜው መድኃኒት እንደማያስፈልጋት፣ በየጊዜው ግን መታየት እንዳለባት ነገራት። ቀጥሎም «ቤተሰብሽን አምጫቸው» አላት። አባት ነጻ ሆነው ተገኙ፤ ክትባት ጀመሩ። ታናሽ እህቷም ነጻ ሆነች። የሃያ ዓመቱ ወንድሟ ግን አለበት። በመጨረሻ የእናት ውጤት መጣ፤ እሳቸውም አለባቸው። ሳያውቁት፣ አንድም ቀን ሳያማቸው፣ ምናልባት ከራሳቸው እናት ተቀብለው ለልጆቻቸው አሳልፈውት ይሆናል። ሳህን የለዩት እናት በሽታው ከልጃቸው ወደ እርሳቸው እንዳይመጣ ነበር የፈሩት። ነገሩ ግን የመጣው ከእርሳቸው ወደ ልጃቸው ሳይሆን አይቀርም።

ታዲያ እናትን እንውቀስ? አንወቅስም። ማን ነግሯቸው? ያን ጊዜ ምርመራው በአቅራቢያቸው አልነበረም፤ ክትባቱም ገና አልገባም። እናት ያን ዕለት ማታ የተለየውን ሳህንና ሲኒ ከሌሎቹ ጋር ቀላቀሉት። ልጃቸውንም ከጥግ አንሥተው አጠገባቸው አስቀመጡ። በማግስቱ አባት ሱቅ ሄደው ለየሰው የሚሆን ምላጭ ገዙ።

የተከበራችሁ አድማጮች! በእያንዳንዳችን ቤት ይህ ሊሆን ይችላል። ማን ቫይረሱ እንዳለበት በዓይን አይታወቅም፤ የሚተላለፍበት መንገድ ግን ይታወቃል። መንገዱን እንዝጋ፤ ሰውየውን ግን አንዝጋበት።

አላህ (ሱ.ወ.) ለታመሙት አፊያ ይስጥልን፤ ለጤነኞቹም ጤናቸውን ይጠብቅልን። ሳያውቁ ለጎዱም ሆነ ያለ በደላቸው ለተገለሉ ልባቸውን ይጠግንላቸው። ኣሚን።